ቤት ሆኜ እየሠራሁ ነው፤ ግቢውን ትቼ በኦንላይን ልማር?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። 2ኛ ዓመትን ጨርሻለሁ፤ ሁለት ዓመት ይቀረኛል። ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው። ለክረምት ቤት ስመጣ ቨርጂኒያ የሚኖር የእናቴ ዘመድ ለድርጅቱ በርቀት እንድሠራ ቀጠረኝ። ደረሰኝ ኩዊክቡክስ በሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ እመዘግባለሁ፣ ስልክም እቀበላለሁ። ሥራው ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። በወር 300 ዶላር ይከፍለኛል፤ ‹ከቀጠልክ እጨምርልሃለሁ› ብሎኛል። ግቢ ከተመለስኩ ግን እንደዚህ መሥራት አልችልም። ስለዚህ ትምህርቱን አቋርጬ አንዱ የውጭ ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ብመዘገብስ ብዬ አሰብኩ። ዲግሪ ያው ዲግሪ ነው። እናቴ ደግሞ ‹ቤት ቁጭ ብለህ ምን ልትሆን ነው?› ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ገና ተማሪ ሆነህ በምትማረው ሙያ ሥራ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪዎችን ሳማክር 12 ዓመት ሆኖኛል። ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀየረ በየጊዜው ይመጣልኛል። ሳላድበሰብስ ልንገርህ። ግቢውን አትልቀቅ። ሥራውንም አትተው፤ ቀንሰው። ኦንላይን ትምህርቱን ደግሞ ለዲግሪው ሳይሆን ለሙያህ ተጠቀምበት። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ላስረዳህ።

ከሰዓት እንጀምር። ብዙ ሰው ሂሳቡን ከገንዘብ ይጀምራል። ዶላሩ የሚመጣው ግን ከሰዓትህ ነው። የኮርስ ዝርዝርህን አውጣና ኢሲቲኤስ የሚለውን፣ የኮርሱን ክብደት የሚለካውን ቁጥር ተመልከት። በእኛ ሥርዓተ ትምህርት 1 ኢሲቲኤስ ማለት 27 ሰዓት ሥራ ነው። ክፍል የምትቀመጥበት ብቻ አይደለም። ንባቡ፣ አሳይመንቱ፣ የፈተና ዝግጅቱ ሁሉ አብሮ ተቆጥሯል። በሴሚስተር 30 ኢሲቲኤስ ከወሰድክ 810 ሰዓት ይሆናል። ለ16 ሳምንት ስታካፍለው በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ ነው። ሥራህ 30 ሰዓት ነው። ድምሩ 80። በቀን 7 ሰዓት ብትተኛ በሳምንት 49 ይወጣል። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው ያለው። ስለዚህ 39 ሰዓት ይተርፍሃል።

ወረቀት ላይ ያስኬዳል። ግን መብላት፣ ልብስ ማጠብ፣ መንገድ፣ ወረፋ፣ ለቅሶና ሠርግ፣ መብራት የሄደበት ሰዓት፣ ሁሉም ከዚያች 39 ላይ ነው የሚቀነሰው። አንተ የሒሳብ ሰው ነህ። ይህን ሂሳብ አንዴ በእጅህ ሥራው።

ኦንላይን ብትማር ይህ ቁጥር የሚቀንስ ይመስልሃል። አይቀንስም። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያለህበት ድረስ የመጣልህ ትምህርቱ ነው እንጂ ጊዜው አልተጨመረልህም። የሚቀርልህ ወደ ክፍል የምትሄድበት መንገድ ብቻ ነው። በምትኩ አዲስ ሥራ ይጨመርብሃል፤ ራስህን የመቀስቀስ ሥራ። ግቢ ውስጥ ይህን የሚሠሩልህ ሌሎች ናቸው። የዶርም ጓደኛህ «ነገ ኩዊዝ አለ እኮ» ይልሃል። የክፍላችሁ ሬፕ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። ላይብረሪ ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ አንተም ታነባለህ። እነዚህ ነገሮች እያሉ አይታወቁም። ሲጠፉ ነው የሚታወቁት።

ኮሮና የመጣ ጊዜ በደንብ አይቼዋለሁ። መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተላኩ። ያኔ የማማክራቸው ልጆች ጎበዞች ነበሩ። ፒዲኤፉ በቴሌግራም ይደርሳቸው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ብዙዎቹ ፋይሉን እንኳ መክፈት አቆሙ። ስንፍና አልነበረም። ቀኑን ከቀን የሚለይላቸው ነገር ነው የጠፋው።

በሌላውም ዓለም ነገሩ እንዲሁ ነው። ኤምአይቲና ሀርቫርድ በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢዴክስ የተባለውን የኦንላይን ኮርስ መድረክ መሠረቱ። በዚያ መድረክ ያቀረቧቸውን ኮርሶች መረጃ ያጠኑ ተመራማሪዎች ውጤቱን በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አውጥተውታል። በ2017/18 ከተመዘገቡት 100 ሰዎች እስከ መጨረሻው የዘለቁት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሰርተፍኬት ለማግኘት ገንዘብ ከከፈሉት መካከል ግን 46 በመቶው ጨርሰዋል። ከፍለው እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልዘለቁም ማለት ነው። ነጻ ኮርስ እና ዲግሪ አንድ አይደሉም፤ ዲግሪ የጀመረ ሰው የበለጠ ይጨክናል። ግን ብቻህን ስትሆን ትምህርት እንዴት እንደሚንሸራተት ያሳይሃል።

አሁን ስለ ክፍልህ ልጠይቅህ። የመማሪያ ክፍል ማለቴ አይደለም። የምትሠራበት ክፍል የት ነው? በር አለው?

ከቤት መሥራትን ካጠኑት ውስጥ በጣም የሚጠቀሰው ቻይና ውስጥ ሲትሪፕ በተባለ የጉዞ ድርጅት የተደረገው ሙከራ ነው። የስልክ አስተናጋጆች 9 ወር ከቤታቸው ሠሩ፤ ውጤታቸው በ13 በመቶ ጨመረ። ይህን ቁጥር ሁሉም ያወራዋል። ብዙም የማይወራው ማን ከቤት እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ነው። ቢያንስ 6 ወር በድርጅቱ የሠራ፣ አስተማማኝ ኢንተርኔት ያለው፣ ለብቻው ክፍል ያለው መሆን ነበረበት። ደግሞ ሙከራው አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸው ከቤት ሲሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ። ዋናው ምክንያታቸው ብቸኝነት ነው።

የእኛን ቤት ታውቀዋለህ። ቤት ያለ ሰው ሥራ እንደሌለው ነው የሚቆጠረው። «እስኪ ዱቄቱን አስፈጭተህ ና።» «ጋዝ አልቋል፣ ብቅ በል።» ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይመጣል፤ ተነስተህ ሰላም ካላልክ ነውር ነው። አንዲት የማማክራት ተማሪ ከእናቷና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር በአንድ ክፍል ትኖር ነበር። የትርጉም ሥራ በኦንላይን ትሠራለች። መላ አበጀች። ሥራ ላይ ስትሆን ነጠላዋን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ትሰቅላለች። ነጠላው እዚያ ካለ ቢሮ ናት፤ ማንም አይጠራትም። እናቷ መጀመሪያ ቅር አላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጎረቤት ሲመጣ «ቀስ በሉ፣ ልጄ ቢሮ ገብታለች» የሚሉት እሳቸው ሆኑ። አንተም ከቤተሰብህ ጋር የምትስማሙበት አንድ ምልክት አብጅ። ክረምቱ ሳያልቅ ሞክረው።

ወደ ዲግሪው ልመለስ። «ዲግሪ ያው ዲግሪ ነው» ብለሃል። አይደለም። ወረቀት የሚያወጣው ዋጋ ተቀባዩ በሚሰጠው ልክ ነው። እዚህ አገር በውጭ ዲግሪ መንግሥት መሥሪያ ቤት ልትቀጠር ወይም ማስተርስ ልትማር ስትል የአቻ ግምት፣ ማለትም ዲግሪህ ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃለህ። ሥራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ተቋሙ በራሱ አገር እውቅና አለው ወይ የሚለው ነው። በአገር ውስጥ ኦንላይን ልማር ካልክም የተቋሙ ስም ብቻ አይበቃም። የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በየትምህርት ዘርፉ፣ በየካምፓሱና በየአሰጣጡ ነው። አንድ ኮሌጅ በመደበኛ አካውንቲንግ ለማስተማር ፈቃድ ስላለው በኦንላይንም አለው ማለት አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪህን በአገር ውስጥ የምትማር ከሆነ ደግሞ በምንም መንገድ ብትማር የመውጫ ፈተናው ይጠብቅሃል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ወኪል በኩል የውጭ ማስተርስ ጀመርኩ። ቢሮው ያምራል፣ ብሮሹሩ ያምራል። ሁለት ሴሚስተር ከፍዬ ተማርኩ። በኋላ ሰነዴን ማጣራት ስጀምር ትምህርት ቤቱ በራሱ አገር እንኳ እውቅና እንደሌለው ደረስኩበት። ወኪሉ ስልክ ማንሳት አቆመ። ያ ገንዘብ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። እስካሁን ያመኛል። ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ራስህ ሄደህ ጠይቅ። የወኪል ቃል አትቀበል።

እውነተኛዎቹ የሉም ማለቴ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ለምሳሌ በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተ፣ አሜሪካ ውስጥ እውቅና ያለው የኦንላይን ተቋም ነው። ለማስተማሪያ አያስከፍልም። ግን ለምዝገባና ለእያንዳንዱ ኮርስ ምዘና ይከፈላል። የመጀመሪያ ዲግሪው 40 ኮርስ ነው። አንዱን በ100 ዶላር ብታስበው እንኳ 4,000 ዶላር ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የተማርካቸው ሁለት ዓመታት ሁሉ ይያዙልኛል ብለህም አትገምት፤ በጽሑፍ ካልነገሩህ በቀር። አሁን ያለህበትን ተመልከት። መኝታህና ምግብህ በኮስት ሼሪንግ ተሸፍኗል፤ የምትከፍለው ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ ነው። የቀረህ ሁለት ዓመት ነው። ያንን ትተህ ከ300 ዶላሩ ላይ እየቆረጥክ ዲግሪ ልትገዛ ነው።

ስለ 300 ዶላሩም አንድ ነገር ልበል። ጥሩ ገንዘብ ነው፤ አላቃልልብህም። ግን ውል አለህ? ዘመድህ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ሥራው ሲቀዘቅዝ ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው ሩቅ ያለው ነው። ጡረታ የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው፣ በአንድ የዋትሳፕ መልእክት ያልቃል። ሁለት ዓመት የቀረውን ትምህርት በዚያ ላይ ማስያዝ ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ሌሎች አንባቢዎች እንዳትቀየሙኝ። ምክሬ ለዚህ ልጅ ነው። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ለምትሠራ፣ እሑድ ብቻ ለምትወጣ እህት ኦንላይን ሁለተኛ አማራጭ አይደለም፤ ያላት በር እሱ ብቻ ነው። ልጅ ታቅፋ ለምትውል እናትም፣ ሥራ ይዞ ገጠር ለተመደበ ሠራተኛም እንዲሁ። ለእነሱ «ቀስ ብላችሁ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ኮርስ፣ እውቅናውን አጣርታችሁ ግቡ» ነው የምለው። ይህ ልጅ ግን መቀመጫው በእጁ ነው ያለው።

እና ኦንላይኑን ምን ታድርገው? አንተ ዕድለኛ ነህ፤ ሥራህና ትምህርትህ አንድ መስመር ላይ ናቸው። የምትሠራበትን ኩዊክቡክስ የሚያወጣው ድርጅት ፕሮአድቫይዘር የሚባል ሥልጠና አለው። በኦንላይን ነው፣ ነጻ ነው፣ ስትጨርስ ፈተና ወስደህ ሰርተፍኬት ታገኛለህ። ነገ ሌላ የአሜሪካ ደንበኛ ስትፈልግ ከግማሽ ዲግሪ ይልቅ ይህ ወረቀት ይናገርልሃል። ቀጥሎ ኤሲሲኤን፣ ዓለም አቀፉን የሂሳብ ባለሙያ ማረጋገጫ አስብ። 13 ፈተናዎች ናቸው፤ ቤትህ ሆነህ አጥንተህ ፈተናውን አዲስ አበባ መቀመጥ ትችላለህ። የአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው እንደ ዲግሪው ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች የተወሰኑት ይቀሩለታል። ስለዚህ ግቢውን ብትጨርስ መንገዱ ያጥርልሃል። ክፍያው በፓውንድ ነው። እዚያ ላይ ነው ዶላርህ ቁም ነገር የሚሠራው። አገራችንም ድርጅቶች በዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎች መሠረት ሂሳብ እንዲያቀርቡ በአዋጅ 847/2006 ከወሰነች ቆይታለች፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። የዳታ ነገር ከሳበህ ደግሞ በኦንላይን የሚሰጠውን፣ ክፍያ የሌለውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ምዝገባው ክፍት መሆኑን አጣርተህ ሞክር።

አንድ በአንድ። ሦስቱን ባንዴ የጀመረ ሰው ሲጨርስ አላየሁም።

አሁን ሥራውን እንዴት እንቀንሰው? ችግሩ ስልኩ ነው። ስልክ ሰዓት ያስራል፤ ደረሰኝ ግን አንተ በተመቸህ ሰዓት ይመዘገባል። ስድስት ሰው በተኛበት ዶርም ውስጥ የአሜሪካ ደንበኛ ማናገር አትችልም። ደግሞ ልብ ያላልከው ነገር አለ። ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ያኔ ያንተ ሥራ ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ላለው ሰው አይሆንም። ለዘመድህ እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦

«ጋሼ፣ ሥራውን መተው አልፈልግም። ግቢ ስመለስ ግን ስልክ መቀበል አልችልም። ደረሰኝ መመዝገቡንና የወር መጨረሻ የባንክ ማስታረቁን በሳምንት 12 ሰዓት ልሥራልዎት። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ገብቼ ሰኞ እርስዎ ቢሮ ሳይገቡ አልቆ ይጠብቅዎታል። ክፍያውን በሰዓት እናድርገው። ለስልኩ የሚሆን ሰው እስኪያገኙ ይህን ክረምት እጨርሳለሁ።»

አብዛኛው ቀጣሪ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው ደስ ይለዋል። የሚያናድደው ሳይነገረው መጥፋት ነው። 12 ሰዓት ከ50 ሲደመር 62 ነው። ይቻላል። የመጨረሻው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ግን ከዚያም ቀንስ፤ የመውጫ ፈተናው ያለው እዚያ ነው።

በዚያው ሁለት ነገር ጠይቀው። አንዱ፣ አንድ ገጽም ቢሆን የተፈረመ ውል። ሁለተኛው፣ ምን ትሠራ እንደነበር በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ። የሥራ ማስታወቂያ አንብበህ ከሆነ «ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ» የሚል ታያለህ። ስለዚህ ግብርህን እንዴት እንደምትከፍል አሁኑኑ ወረዳ ሂደህ ጠይቅ። ክፍያውንም በባንክ ተቀበል። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ከውጭ ገቢ ያለው ግለሰብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ከፍቶ ከዚያው ለውጭ አገልግሎት መክፈል ተፈቅዶለታል። ለኤሲሲኤው ያስፈልግሃል። በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ ነገ ምንም ማስረጃ አይሆንህም።

ይህን ሁሉ አንብበህም ልቤ አልተመለሰም ካልክ፣ ምርጫው ያንተ ነው። ያኔ ዝም ብለህ አትቅር። ይህን ለብዙ ልጆች ለምኛለሁ። ሬጅስትራር ሄደህ የዊዝድሮዋል (የማቋረጫ) ፎርም ሙላ፣ አስፈርም፣ አንድ ኮፒ እጅህ ላይ አስቀር። በሥርዓት የወጣ ተማሪ ሪአድሚሽን ጠይቆ የሚመለስበት መንገድ አለው። ሳይነግር የቀረ ግን በሩን በራሱ እጅ ነው የሚዘጋው። ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሰው በር ላይ የሚያለቅሱትን አውቃቸዋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የቀሩህን ሳምንታት ተጠቀምባቸው። ደብተር ያዝ። ለአራት ሳምንት ሥራህን እንደያዝክ በቀን ሦስት ሰዓት የመጪውን ሴሚስተር ኮርስ ብቻህን አጥና። ሲመሽ ስንት ሰዓት በእውነት እንዳጠናህ ጻፍ። ያሰብከውን አይደለም፤ ያጠናኸውን። መብራት የጠፋበትን፣ ዳታ ያለቀበትን፣ እንግዳ የመጣበትን ሁሉ ጻፍ። ከአራቱ ሳምንት ሦስቱን ከሞላህ ኦንላይን ለአንተ ይሆናል፤ ተመርቀህ ማስተርሱን በዚያ መንገድ ትማራለህ። ካልሞላህ ደግሞ ዋጋ ሳትከፍል አወቅህ።

እናትህን በተመለከተ፣ አትከራከራቸው። «ቤት ቁጭ ብለህ» ያሉት ጠልተውህ አይደለም። የሚያዩት ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ልጅ ነው። አንድ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወንበር ስበህ አጠገብህ አስቀምጣቸው። አንዱን ደረሰኝ ክፈትላቸው። ይህ የገዛው ነው፣ ይህ የሸጠው ነው፣ ይህ ያተረፈው ነው በላቸው። እሳቸውም የቤቱን አስቤዛ በብር በብር ሲያቻችሉ ነው የኖሩት፤ ገብቷቸው ይጠይቁሃል። ከዚያ ዘመዳቸው የሚልክልህን ውል አንብብላቸው፤ ለግቢ የምትመለስበትን ቀንም አብራችሁ ቁረጡ።